ቀዩ ሞተርና የለቡ ሽማግሌ

“የሰው ሳሎን ውስጥ ሶፋ አለ፣ ቡፌ አለ፣ ለደላው ቴሌቪዥን አለ። የእኔ ሳሎን ውስጥ ግን ጣሊያን ተገትሯል!”

ወይዘሮ ትሩፋት ይህን የተናገሩት ለግድግዳው ነው። ከባለቤታቸው ጋር ሲኳረፉ የሚያዋዩት እሱን ነበር፤ ግድግዳው የጭቃ ቢሆንም ጨዋ ነው፣ አያቋርጥም። ባለቤታቸው አቶ ገብረ መድኅን ትንሹ ሶፋ ላይ ተቀምጠው የጫማቸውን ክር ያስራሉ። ትልቁ ሶፋ ከሁለት ዓመት ወዲህ መኝታ ቤት ገብቶ የልብስ መከመሪያ ሆኗል። በእሱ ቦታ፣ በቡፌውና በመስኮቱ መካከል፣ ከአፍንጫው እስከ ጅራቱ ነጭ ዳንቴል የለበሰ ቀይ ሞተር ብስክሌት ቆሟል። ዳንቴሉን ወይዘሮ ትሩፋት በገዛ እጃቸው የሠሩለት ወደውት አይደለም። መካኒሳ አቦ አካባቢ ሳሎን የገባ ዕቃ ሁሉ፣ ሬዲዮም ይሁን ፍሪጅ፣ ራቁቱን እንግዳ ፊት መቅረብ ነውር ስለሆነ ነው።

ሞተሩ ዱካቲ ነው፤ ዘጠኝ መቶ አሥራ ስድስት የሚባለው። ያመጣው አንድ ጣሊያናዊ የመንገድ መሐንዲስ ነበር። ሳር ቤት አካባቢ አህያ ገብታበት የትከሻ አጥንቱ ከተሰበረ በኋላ ሚስቱ ጠቅልላ ወደ አገሩ ስትወስደው፣ ሾፌሩ ለነበሩት ለአቶ ገብረ መድኅን ቁልፉን፣ አንድ ቀይ ሄልሜትና አንድ ካርቶን የእሽቅድምድም መጽሔት ትቶላቸው ሄደ። አቶ ገብረ መድኅን በጃንሆይ ጊዜ አጃቢ ሞተረኛ ነበሩ፤ በደርግ ጊዜ ደግሞ፣ እንደ ብዙ ሰው፣ በጃንሆይ ጊዜ ምንም አልነበሩም። አሁን ዘመኑ ሲፈቅድ እንደገና ሞተረኛ ሆነዋል፤ የሳሎን ሞተረኛ። ወተት ያመጣችም፣ የመብራት ቆጣሪ ሊያነብ የመጣም፣ ዳንቴሉ ተገልጦለት ትምህርቱን ሳይወስድ አይወጣም። “ሦስት ዓመት በተከታታይ የዓለም ሻምፒዮን! በሁለት ሲሊንደር ብቻ! ጃፓኖቹ አራት አራት ይዘው ከኋላ ናቸው!” ይሉታል። ቀጥሎ ቀጫጭን የተቆጡ ዓይኖች የሚመስሉትን የፊት መብራቶች ያሳዩታል፤ ከመቀመጫው ሥር ጎን ለጎን የተቀበሩትን ሁለት የጭስ ማውጫዎች ያስነኩታል፤ በመጨረሻም የፍጥነት መቁጠሪያው ላይ ጣታቸውን አድርገው ሁለት መቶ ሰማንያ የሚለውን እስኪያነብ ይጠብቁታል። ቆጣሪ አንባቢው አንድ ጊዜ “ታዲያ ለምን አይነዱትም?” ብሎ ጠይቋቸው ነበር። “በዚህ መንገድ?” አሉት እንደተሰደበ ሰው። “መንገዱ ሲሠራ ይነዳል።” በከተማው ውስጥ መንገዱ እስኪሠራ የሚጠብቅ ነገር ብዙ ስለነበር ቆጣሪ አንባቢው አልተገረመም። እስከዚያው ሞተሩ እንዳይተኛ ቅዳሜ ቅዳሜ ግቢ አውጥተው ያስነሱታል። ፍሪሲዮኑ ደረቅ ስለሆነ ጣሳ ውስጥ ጠጠር እንደጨመሩ ይንኳኳል፤ ጎረቤት በአጥር ላይ “ተበላሸብዎ እንዴ ጋሼ?” ይላል፤ እሳቸው “እንዲህ ነው የሚዘፍነው!” ብለው ይመልሳሉ።

ዛሬ ግን ቅዳሜ አይደለም፤ የጥር እሑድ ነው። ሽማግሌ የሚመጣበት እሑድ። ይህን የግቢው ዶሮ ሳይቀር ያውቃል፤ በወጉ መሠረት እንዲያውቅ የማይፈቀድለት አንድ ሰው ብቻ አለ፤ የልጅቱ አባት። ስለዚህ አቶ ገብረ መድኅን ሁለት ሳምንት ሙሉ ምንም ሳያውቁ ከረሙ። ግድግዳው ኖራ ሲቀባ አላዩም። መጋረጃው ታጥቦ ሲሰቀል አላዩም። ከግቢው ዶሮዎች አንዱ ዛሬ ጠዋት ሲጎድል፣ ሽታውም ከወጥ ቤት ሲመጣ፣ አፍንጫቸው አልሠራም። ልጃቸው ናዝሬት ማለዳ ነጭ ሸሚዛቸውን ተኩሳ አመጣችላቸው። ኮሌታው ሁለት ጊዜ እንደተተኮሰ ያስታውቃል። ተቀበሏት፤ አየቻቸው፤ አዩዋት፤ “ዛሬ ብርድ ነው” አሉ፤ “አዎ፣ ብርድ ነው” አለች፤ ወጣች። በዚህ ቤት አባትና ልጅ ስለ ልብ ጉዳይ ከዚህ የበለጠ ተነጋግረው አያውቁም።

ችግሩ የሚመጡት ሽማግሌዎች ሁለት ወገን መሆናቸው ነበር። ናዝሬት የምትፈልገው የለቡውን ልጅ በንቲን ነው፤ ፊዚክስ ያስተምራል። የእሱ ሽማግሌዎች ለዛሬ መቁረጣቸው ከታወቀ ሰንብቷል። ዓርብ ማታ ደግሞ ሌላ ወሬ መጣ፤ የእድሩ ሊቀመንበር አቶ ቸኮል ለእህታቸው ልጅ ለሲራክ፣ ለሴራሚክ ነጋዴው፣ ናዝሬትን ሊጠይቁ ከዛሬው የእድር ስብሰባ በቀጥታ ይመጣሉ። በሰፈሩ ወግ በአንዲት ልጅ ላይ ሁለት ሽማግሌ አይቆምም፤ ቀድሞ አፉን የከፈተ ይደመጣል፣ ዘግይቶ የደረሰ “ተይዛለች” ተብሎ ይመለሳል። አቶ ቸኮል ቀድመው አፋቸውን ከከፈቱ ደግሞ እምቢ ማለት የለም። የአቶ ገብረ መድኅን እናት ያረፉ ጊዜ በዚያ ሁሉ ዝናብ ድንኳኑን ቆመው ያስተከሉ፣ አፈሩን በእጃቸው ያለበሱ እሳቸው ናቸው። መካኒሳ ውስጥ ሰው ከእግዜር ይልቅ የእድር ሊቀመንበር ይፈራል፤ እግዜር ይቅር ይላል፣ እድር ይቀጣል።

ከረፋዱ አራት ሰዓት ገደማ የወጥ ቤቱ በር ተበርግዶ የበንቲ እህት ጫልቱ ገባች። ወጥ ቤቱንና ሳሎኑን የሚለየው ጣውላ ስለሆነ፣ ምንም የማያውቁት አባት ሁሉንም ሰሙ።

“ናዚ፣ ጉድ ሆነናል!”

“ምነው? ምን ሆናችሁ?”

“ታክሲ የለም! ለቡ አንድ ለዘር ታክሲ የለም። ሠርገኛ ሁሉንም ኮንትራት ወስዷቸዋል። ሁለቱ ሽማግሌዎች ትናንት ገብተው አቦ በር ሻይ ቤት ተቀምጠዋል። ታላቃቸው ኦቦ ሮበሌ ግን እዚያው ለቡ ዋርካው ሥር ቆመው ቀሩ፤ መኪና ፈልጌ እልካለሁ ብያቸው በእግሬ ሮጬ መጣሁ።”

“ያለ እሳቸው ይምጡና ይጀምሩ!”

“አንቺ ደግሞ! ታላቅ እያለ ታናሽ አፉን ይከፍታል እንዴ? ቢገደሉ አይናገሩም። እድሩም ሊያልቅ ነው፤ በመስኮት ሰምቻለሁ፣ ‘ልዩ ልዩ’ ላይ ደርሰዋል።”

 አቶ ገብረ መድኅን ልጃቸው አልቅሳ ቢሆን ይሻላቸው ነበር። የሰሙት ግን አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ናዝሬት ሽንኩርት መክተፏን ቀጠለች፣ ቀስ ብላ፣ ቢላዋው መክተፊያውን እየነካ። የሚያደርጉት ጠፍቷቸው የታሰረውን የጫማ ክር ፈተው እንደገና ማሰር ጀመሩ።

“ወይ ግድግዳ!” አሉ ወይዘሮ ትሩፋት በረጅሙ ተንፍሰው። “የዓለም ሻምፒዮን ሳሎኔ ውስጥ ዳንቴል ለብሶ ተቀምጦ፣ አንድ ሽማግሌ በታክሲ እጦት ለቡ ይቅር? ጃፓንን ያሸነፈ ለቡን ፈራ?”

አቶ ገብረ መድኅን ቀና አሉ። ሁለት ዓመት ሙሉ ሚስታቸው ስለ ሞተሩ በጎ ነገር ሲናገሩ ሰምተው አያውቁም ነበር። ይህ በጎ ከተባለ ማለት ነው።

“ትሩፋት” አሉ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ “ይሄ ሞተር ትናንት አልተነሣም። እንዳይተኛ ትንሽ ዞር ላድርገው።”

“ደግ። ወዴት ነው የሚዞረው?”

“እንዲያው... ነፋስ ወዳለበት።”

“ነፋሱስ በለቡ በኩል ይበዛል ይላሉ” አሉ ወይዘሮ ትሩፋት ለግድግዳው።

“ነጭ ጋቢ ለብሰዋል!” የሚል የጫልቱ ድምፅ ከጣውላው ወዲያ መጣ። “ዱላ ይዘዋል!”

አቶ ገብረ መድኅን ይህንንም አልሰሙም። ዳንቴሉን ገፈፉ፤ ደፉ ላይ ሳንቃ ጣሉ፤ ሁለት ኩንታል የሚሞላውን ብረት ገፍተው አወጡ። ቀዩን ሄልሜት ሲያጠልቁና ጥቁሩን መስታወት ሲዘጉ የስልሳ ሁለት ዓመቱ ሰውዬ ከነሪዛቸው ጠፍተው፣ ዕድሜው የማይታወቅ ቀይ ፍጡር ግቢው መካከል ቀረ።

እስከ አስፋልቱ ያለው ኮረኮንች የሻምፒዮኑ ውርደት ነበር። ለእሽቅድምድም ሜዳ የተሠራው ሞላ እያንዳንዱን ጠጠር ለነጂው ወገብ በየስሙ ያስተዋውቃል። እጀታው ዝቅ ያለ ስለሆነ ሰውዬው ስግደት ላይ እንዳለ ሰው ተደፍተዋል፤ የኋላ መመልከቻው ከገዛ ክርናቸው በቀር የሚያሳየው የለም። አንድ ዶሮ ነጋዴ በብስክሌት፣ ዶሮዎቹ ከመሪው ላይ ቁልቁል ተንጠልጥለው፣ ደወሉን እያቃጨለ ቀደማቸው። ከዶሮዎቹ አንዷ ዞራ አየቻቸው። አቶ ገብረ መድኅን ጥርሳቸውን ነክሰው ቻሉት።

አስፋልቱ ሲጀምር ነገሩ ሁሉ ተለወጠ። ነዳጅ መስጫውን ገና ትንሽ ጠምዘዝ ሲያደርጉት የጣሳ ጠጠሩ ኳኳታ ጠፍቶ በቦታው ወፍራም፣ ከደረት የሚወጣ ዜማ ገባ። ግራና ቀኝ ያለው የባሕር ዛፍ ረድፍ ወደ አንድ አረንጓዴ ግድግዳ ተዋሐደ። ኩርባው ላይ ሞተሩ፣ ገና አካላቸውን ዘንበል ለማድረግ ሲያስቡ፣ እሱ ቀድሟቸው ዘንበል ብሎ ነበር። በመጽሔቶቹ ላይ ያነበቡት፣ ለወተት ሻጭ የሰበኩት ሁሉ እውነት ሆኖ ተገኘ። ሁለት ዓመት ሙሉ የዚህን ፍጡር ታሪክ ሲናገሩ ኖረው፣ ሲያናግራቸው ገና ዛሬ መስማታቸው ነበር። ሄልሜታቸው ውስጥ ለብቻቸው ጮክ ብለው ሳቁ። ከዚያም ደንገጥ ብለው፣ ሽማግሌ ሊቀበል የተቀመጠ አባት መሆናቸውን አስታውሰው፣ ማንም የማያየውን ፊታቸውን ኮስተር አደረጉ።

ኦቦ ሮበሌ እንደተባለው ዋርካው ሥር ቆመዋል፤ ረጅም፣ ቀጥ ያሉ፣ ጋቢያቸው እንደ ወረቀት የነጣ፣ ዱላቸው ከራሳቸው የሚበልጥ። ቀዩን ነገር ዞር ዞር እያሉ እንደ ገበያ በሬ መረመሩት።

“ከጫልቱ ነው የተላክኸው?”

“አዎ አባቴ” አሉ አቶ ገብረ መድኅን። ድምፃቸው ከሄልሜቱ ሲወጣ የጎልማሳ ድምፅ መስሎ ወጣ።

“ይሄ የኋላ ጎማው በአንድ ወገን ብቻ ነው እንዴ የተያዘው? ለዚህኛው ወገን ብረት አለቀባቸው?”

“እንዲህ ነው አሠራሩ። ለውድድር ነው። ጎማ ቶሎ ፈትቶ ለመቀየር።”

“መንገድ ላይ እንዳይፈታ ብቻ፣ ልጄ።” አማትበው ተቀመጡ። መቀመጫው ለጣሊያን ኮረዳ የተለካ ጠባብ ነገር ስለሆነ ጋቢያቸው ተርፎ በሁለት ወገን ወረደ። አቶ ገብረ መድኅን ወርደው ጋቢውን ጎማ እንዳይበላው ጠቅልለው ወገባቸው ላይ አሰሩላቸው። ኦቦ ሮበሌ ዱላውን አልሰጥም ብለው ጭናቸው ላይ አጋደሙት፤ ሞተሩ ክንፍ አወጣ።

“እቅፍ ያድርጉኝ አባቴ። ጠበቅ።”

“ያ ዋቅ!” ብለው አምላካቸውን ጠሩ ኦቦ ሮበሌ፣ ሞተሩ ሲነሣ።

ብዙም ሳይሄዱ ግን ሠርግ ገጠማቸው። የለቡን ታክሲዎች ሁሉ የበላው ሠርግ ይኸው ነበር። አበባ የተለጠፈባቸው ሚኒባሶች መንገዱን ሞልተው በእርምጃ ይሄዳሉ፣ ክላክስ ያለቅሳል፣ በፒክአፕ ላይ ፊቱን ወደ ኋላ አድርጎ የተቀመጠ ቪዲዮ ቀራጭ ድንገት ከሙሽሮቹ መኪና በስተኋላ ቀይ ሞተርና ዱላ የያዘ ሽማግሌ ሲያይ ደስ ብሎት ካሜራውን አዞረባቸው። ኦቦ ሮበሌ ሳይመርቁ ማለፍ ስለማይሆንላቸው ዱላቸውን አንሥተው መረቁ። እዚያ መሐል፣ ሞተሩ በዝግታ እየተንኳኳ፣ ጨዋታ ጀመሩ።

“ልጄ፣ የምሄድበትን ሰውዬ ታውቀዋለህ? ገብረ መድኅን የሚባል?”

“ስሙን ሰምቻለሁ።”

“ከባድ ሰው ነው አሉ። ቁጡ። አንድ አሮጌ የጣሊያን ሞተር ሳሎኑ ውስጥ አስቀምጦ፣ የማይሄድ ነገር፣ እሱን ሲወለውል ነው አሉ የሚውለው።”

አሮጌ! አቶ ገብረ መድኅን ጀርባቸው ቀጥ አለ። “የማይሄድ” የሚለው ደግሞ ጎድናቸውን ወጋቸው። ሦስት ዓመት በተከታታይ፣ ሊሉ አፋቸውን ከፈቱ፤ አባት ምንም እንደማያውቅ አስታውሰው ዘጉት።

“እኔ እንደሆነ” አሉ ኦቦ ሮበሌ፣ “እምቢታ ለምጃለሁ። ብዙ ደጅ ቆሜያለሁ። ለወንድሜ ልጅ ነው የምሰጋው። ማታ ማታ ልጅቱን ከታክሲ መውረጃ ተቀብሎ እስከ በራቸው ያደርሳትና ወደ ለቡ በእግሩ ይመለሳል። በእግሩ! ‘ለምን በታክሲ አትመለስም?’ ብለው፣ ‘በታክሲ ከሆነ ቶሎ ያልቅብኛል’ አለኝ። ምን እንደሚያልቅበት አላውቅም። አንተ ታውቃለህ?”

አቶ ገብረ መድኅን አላወቁም ነበር። ማታ ማታ ናዝሬት ስትገባ በሩ ላይ ትንሽ ትቆማለች፤ ጫማዋን እያራገፈች ነው ብለው ያስቡ ነበር። በሄልሜቱ ውስጥ ዓይናቸው ቆጠቆጣቸው፤ አቧራ ነው እንዳይሉ መስታወቱ ዝግ ነው።

“እኔ እንጃ አባቴ” አሉ። “ጥሩ ነገር ሳይሆን አይቀርም።”

“እና ደግሞ ልጄ... ከሥሬ እሳት አለ እንዴ? እያጠበሰኝ ነው።”

“ጭስ ማውጫው ነው። ከመቀመጫው ሥር ነው የቀበሩት፤ ለውበት።”

“ለማን ውበት? የተቀመጠበት ሰው አያየውም!”

ሠርገኛው ፎቶ ሊነሣ ወደ ጎን ሲታጠፍ መንገዱ ተከፈተ፤ በዚያው ቅጽበት ከእድሩ አዳራሽ በኩል አንዲት ነጭ ኮሮላ ወጥታ ፊታቸው ገባች። አቶ ገብረ መድኅን አወቋት፤ የሲራክ ናት። ፊት ወንበር ላይ የአቶ ቸኮል ባርኔጣ፣ ኋላ ሁለት ነጠላ የለበሱ ሽማግሌዎች። ሲራክ ደንበኛ እንደሚያጣ ነጋዴ ይበራል። መጪው መታጠፊያ ወደ አቦ የሚገባው ነው፤ ከዚያ በኋላ መንገዱ ኮረኮንችና ጠባብ ነው፣ የቀደመ እንደቀደመ ይቀራል።

“አባቴ፣ ዱላውን ሰብሰብ ያድርጉ!”

“ምን ልታደርግ ነው?”

የሆነውን አቶ ገብረ መድኅን በኋላ ሊተርኩት ሲሞክሩ ሁልጊዜ ቃል ያጥራቸዋል። ሁለተኛ ማርሽ ላይ ነበሩ። ነዳጁን ከፈቱት፤ ዓለም ወደ ኋላ ተጎተተ። የፊት ጎማው ከአስፋልቱ ጋር የነበረውን ዝምድና ትንሽ አላላ። ሁለቱ ሲሊንደሮች ባንድ ድምፅ አገሱ፣ ከኋላ “አቦ! አቦዬ!” የሚል ጩኸት መጣ፣ አቶ ገብረ መድኅንም “አቦ!” ብለው ተቀበሉ፤ ነጯ ኮሮላ ግን በዚያ ሁሉ መሐል የቆመች ይመስል በጎናቸው አልፋ ወደ ኋላ ቀረች። አቶ ቸኮል በመስኮት ያዩት ከሽማግሌ ትከሻ ላይ ነጭ ጋቢ እንደ ሸራ ተነፍቶ ሲበር ነው። መታጠፊያው ጋ ፍሬኑን ሲይዙ ገና ሁለተኛ ማርሽ ላይ ነበሩ። ሌሎቹ አራት ማርሾች አላስፈለጉም።

ኮረኮንቹ ላይ ሲገቡ አቶ ገብረ መድኅን ጠጠሩን አልቆጠሩትም፤ ዝቅተኛዋ ኮሮላ ግን እያንዳንዱን ጠጠር እየፈራች ከኋላ ቀረች። ኦቦ ሮበሌን አቦ በር ሻይ ቤት አውርደው፣ “እግዜር ይስጥህ፣ ስምህ ማነው ልጄ?” ሲሏቸው ሳይመልሱ በጓሮ በኩል ዞሩ። ወይዘሮ ትሩፋት በሩን በርግደው፣ ሳንቃውን ዘርግተው፣ እንደ አውሮፕላን ማረፊያ ሠራተኛ በሁለት እጃቸው ይጠቁማሉ። ሞተሩ እየተንኳኳ ሳሎን ገብቶ ቡፌው አጠገብ ቆመ። ናዝሬት ሄልሜቱን ከራሳቸው ነቅላ አልጋ ሥር ወረወረች፤ የተበተነ ፀጉራቸውን በእጇ ደባበሰች፤ ኮሌታቸውን አቀናች። ለአንድ አፍታ እጇ አንገታቸው ላይ ቆየ።

“ብርድ ነበር?” አለች።

“አዎ” አሉ። “መንገዱ ግን ረጅም ነው። በእግር ደግሞ ይበልጥ ይረዝማል።”

ናዝሬት ፊቷ ቀላ፤ ወደ ወጥ ቤት ሮጠች። ወይዘሮ ትሩፋት ዳንቴሉን ሞተሩ ላይ ጣል ሲያደርጉ በር ተንኳኳ።

ሦስቱ ሽማግሌዎች ገብተው በወጉ መሠረት ሳይቀመጡ ቆሙ። ጉዳያቸው ሳይሰማ አይቀመጡም። አቶ ገብረ መድኅን ትንሹ ሶፋ ላይ እንደ ዳኛ ተኮፍሰው፣ በጣም ኮስተር ብለው፣ ከየት እንደመጡ እንኳ የማያውቁ ሆነው ጠየቁ።

“እንደምን ዋላችሁ። ምነው በደህና? መንገዱ እንዴት ነበር?”

ኦቦ ሮበሌ አፋቸውን ሊከፍቱ ሲሉ ከቡፌው አጠገብ ካለው ነጭ ነገር ድምፅ መጣ። ጧ። ትንሽ ቆይቶ፣ ጧ። የጋለ ብረት ሲቀዘቅዝ እንደሚያሰማው። ከዚያ ከዳንቴሉ የኋላ ጫፍ ቀጭን ጭስ ተነሣ፣ የተቃጠለ ክር ሸተተ። ኦቦ ሮበሌ ጭሱን አዩ፤ ከጭሱ ሥር ያለውን በአንድ ወገን ብቻ የተያዘ ጎማ አዩ፤ ከጎማው ወደ አቶ ገብረ መድኅን ጫማ፣ ከጫማው ወደ ፊታቸው ወጡ።  ወይዘሮ ትሩፋት አንድ ብርጭቆ ውኃ ይዘው መጥተው፣ አበባ እንደሚያጠጣ ሰው በትሕትና ዳንቴሉ ላይ አፈሰሱት።

“መንገዱ” አሉ ኦቦ ሮበሌ በመጨረሻ፣ “መንገዱስ ደህና ነበር። ነጂው ነው ትንሽ ቁጡ።”

“ቁጡ ሳይሆን አይቀርም” አሉ አቶ ገብረ መድኅን ዓይናቸውን ሳይነቅሉ። “ምናልባት ሞተሩን አሮጌ ብለውበት ይሆናል።”

“ብለነው ነበር። ተጸጽተናል።” ኦቦ ሮበሌ ዱላቸውን ተደግፈው ድምፃቸውን አነሡ። “ጌታው፣ ሌላ ሽማግሌ ስምዎን ሰምቼ መጣሁ ይላል። እኛ የሰማነው ጥሩ አልነበረም። ያየነው ግን ሌላ ነው። ለወንድሜ ልጅ ለበንቲ፣ ልጅዎን ናዝሬትን...”

በሩ ሳይንኳኳ ተከፈተና አቶ ቸኮል ከነባርኔጣቸው፣ ከነሁለት ሽማግሌዎቻቸው ገቡ። ሲራክ በወጉ መሠረት መኪናው ውስጥ ቀርቷል። አቶ ቸኮል የቆሙትን ሦስት ሽማግሌዎች ሲያዩ ጉዳዩን ያለ አስተርጓሚ ተረዱ። ሠላሳ ዓመት የሰፈሩን ወግ ያስጠበቁ ሰው ናቸው፤ ቀድሞ አፉን የከፈተውን ሊያቋርጡ አይችሉም። ባርኔጣቸውን አወለቁ።

“አቶ ቸኮል!” አሉ አቶ ገብረ መድኅን ከመቀመጫቸው ተነሥተው። “እግዜር ነው ያመጣዎ። ልጄ ተጠይቃ፣ ያለ ታላቅ ምን ብዬ ልመልስ ብዬ ተጨንቄ ነበር። ይምጡ፣ በእኛ ወገን ይቁሙልኝ።”

ይህን እንቢ የሚል የእድር ሊቀመንበር ገና አልተወለደም። አቶ ቸኮል በሴቷ ወገን ሆነው ቆሙ፣ ቆመውም ሥራቸውን ሠሩ፤ የልጁን ሥራ ጠየቁ፣ ዘር ማንዘሩን ጠየቁ፣ ጠጪ አለመሆኑን አስምለው ጠየቁ። በመሐል ግን የሚከነክናቸው ነገር አላስቀመጣቸውም።

“አንድ ጥያቄ አለኝ” አሉ የኦቦ ሮበሌን ጋቢ እያዩ። “አስፋልቱ ላይ እንደ ጥይት ያለፉን እርስዎ ነዎት። ነጂው ማነው? ስሙን ይንገሩኝ፤ እንዲህ ያለ እብድ ሰፈር ውስጥ ካለ ተጠርቶ መመከር አለበት።”

ወይዘሮ ትሩፋት ወደ ግድግዳው ዞሩ። ከጣውላው ወዲያ ሁለት ልጃገረዶች ጆሯቸውን ለጠፉ።

“ፊቱን አላየሁም” አሉ ኦቦ ሮበሌ። “ጀርባውን ነው ከለቡ እስከዚህ አቅፌ የመጣሁት። ለዝምድና የሚሆን ጀርባ ነው።”

አቶ ገብረ መድኅን ብዙ የተዘጋጀ ንግግር ነበራቸው። አባት ዘመድ ልጠይቅ ይላል፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ ተመለሱ ይላል፤ በአንድ ቀን እሺ ማለት ልጅቱን ማራከስ ነው። ይህን ሁሉ ሊሉ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ከጣውላው ወዲያ ቢላዋው ቆሞ ይጠብቃል።

“በሉ ተቀመጡ” አሉ። “ልጃችሁ ልጄ ነው።”

የእልልታው መጀመሪያ ከወጥ ቤት ወጣ፤ የጫልቱ ነው፤ ቀጥሎ የወይዘሮ ትሩፋት። አቶ ቸኮል እንኳ፣ ለምን እንደመጡ ለአፍታ ረስተው፣ “አሜን፣ አሜን” አሉ። ዶሮው ቀረበ። ትልቁ ሶፋ ከመኝታ ቤት ተጎትቶ ወጣ፤ ቦታ ስላልተገኘለት ግማሹ ሳሎን ግማሹ መኝታ ቤት ሆኖ ሰዎቹ በበሩ አቋርጠው ተቀመጡበት። አቶ ገብረ መድኅን ሁለተኛውን ብርጭቆ ሲጨርሱ ለአቶ ቸኮል ስለ ሁለቱ ሲሊንደሮችና ስለ ጃፓኖቹ ሽንፈት ማስረዳት ጀመሩ፤ አቶ ቸኮልም አንዳንድ ጊዜ ቆም እያሉ፣ በጥርጣሬ፣ ጫማቸውን ያዩ ነበር።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ሽማግሌዎቹ ለመሄድ ተነሡ። የጥር ሠርግ አላለቀም፤ ታክሲ አሁንም የለም። አቶ ቸኮል በትልቅ ሰው ወግ በሩን ከፍተው ነጯን ኮሮላ አሳዩ። “ሲራክ ያደርሳችኋል። ከሰዓት በፊት ጀምሮ ተቀምጧል፤ ሌላ ሥራም የለው” አሉ። ሁለቱ የለቡ ሽማግሌዎች አመስግነው ገቡ። ሲራክ መሪውን እንደያዘ፣ ማንን ለማን እንደሚያደርስ ሳይገባው፣ የኋላውን በር ከፍቶ ሦስተኛውን ጠበቀ።

ኦቦ ሮበሌ መኪናዋን አዩ። ወንበሯ ለስላሳ ነው። መስኮቷ ይዘጋል። ከሥር የሚያቃጥል ነገር የላትም። ቀስ ብለው ዞረው፣ ደፉ ላይ ወደቆሙት ወደ አቶ ገብረ መድኅን ተመለሱና ጋቢያቸውን ራሳቸው ጠቅልለው ወገባቸው ላይ አሰሩ።

“እኔ በመጣሁበት ይሻለኛል” አሉ።

“ቀስ ብዬ ነው የምወስድዎ፣ አይሥጉ” አሉ አቶ ገብረ መድኅን፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ደስታቸውን መደበቅ አቅቷቸው።

“ማነው ቀስ በል ያለህ?” አሉ ኦቦ ሮበሌ።